«አንድ ደቂቃ አይቀመጥም»፦ የአንድ አራተኛ ክፍል ተማሪ ባህሪ በሐዋሳ እንዴት እንደተለካ

ልጁ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት በጠዋት ፈረቃ ይማራል። ክፍሉ ውስጥ ከስልሳ በላይ ልጆች አሉ። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። የልጁንም የትምህርት ቤቱንም ስም አልጽፍም፤ ለጉዳዩ አያስፈልጉም።

ነገሩን ወደ እኔ ያመጣችው የሆም ሩም መምህርቱ ናት። እኔ እዚያው የልዩ ፍላጎት መምህር ነኝ። «አንድ ደቂቃ አይቀመጥም» አለችኝ። «ይነሳል፣ ይጮኻል፣ ሌላውን ያስረብሻል። እሱ የቀረ ቀን ክፍሉ ሌላ ክፍል ነው የሚመስለው። እባክህ አንድ ነገር በለኝ።» መምህርቷን አውቃታለሁ። ጠንካራ ናት። ደብተር ተሸክማ ቤቷ ወስዳ የምታርም ሰው ናት። እንዲህ ስትል በጣም ደክሟት ነው።

ሌሎቹ መምህራንም የየራሳቸው ግምት ነበራቸው። አንዱ «ሃይፐር ነው» አለ። ሌላው «ቤት የሚቆጣው የለም» አለ። ዩኒት ሊደሩ ወላጅ ተጠርቶ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው የሚል ሐሳብ ነበረው። ሁሉም በቅን ልቦና ነው የተናገሩት። ግን በቀን ስንት ጊዜ ይነሳል? በየትኛው ትምህርት? ከተነሳ በኋላ ስንት ይቆያል? ለነዚህ መልስ ያለው ሰው አልነበረም።

«ሃይፐር» የሚለው ቃል በየመምህራን ማረፊያው በቀላሉ ስለሚወረወር አንድ ነገር ልበል። የትኩረት ማነስና ከመጠን ያለፈ እንቅስቃሴ ችግር የሚባለውን የሚለየው ባለሙያ ሐኪም ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመዘኛ ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት እንዲጀምሩ፣ ቢያንስ 6 ወር እንዲቆዩና ከአንድ ቦታ በላይ እንዲታዩ ይጠይቃል። ማለትም ክፍል ውስጥ ብቻ ሳይሆን ቤትም፣ ሌላ ቦታም። መምህር ይህን ስም መለጠፍ አይገባውም። የሚገባው ያየውን ነገር ሐኪም ቢጠይቀው እንኳ በወረቀት ማሳየት የሚችል ሆኖ መመዝገብ ነው።

እናቱን ከሁሉም በፊት አነጋገርናቸው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በፈረቃ ይሠራሉ፤ ከሌሊት ፈረቃ ወጥተው ነበር የመጡት። «ቲቸር፣ ቤት እኮ ዝምተኛ ነው» አሉኝ። «ታናሽ እህቱን የሚይዝልኝ እሱ ነው። ምን አገኘብኝ?» ልናየው የፈለግነው ልንረዳው እንደሆነ፣ ወረቀቱ ላይ ስሙ እንደማይጻፍ፣ ውጤቱን መጀመሪያ የሚሰሙት እሳቸው እንደሆኑ ነገርናቸው። ፈቀዱ።

የአለቃው ወረቀት

ትምህርት ቤቱ የባህሪ መለኪያ የለውም ማለት አይቻልም። አለው፤ ሁላችንም አድገንበታል። መምህር ሳይኖር የክፍል አለቃው ወረቀት ይገነጥላል። ከላይ «የረባሾች ስም ዝርዝር» ብሎ ይጽፋል። ደጋግሞ ያወራ ልጅ ስሙ ጎን ኤክስ ይጨመርበታል። መምህሩ ሲገባ ወረቀቱ ይሰጠዋል፣ ፍርዱም እዚያው ይሰጣል።

ይህን ወረቀት አቅልዬ አላየሁትም። መቁጠር ነው። ኤክሶቹ ድግግሞሽ ናቸው። ስለዚህ መምህርቷ የሰበሰበቻቸውን ወረቀቶች ተቀብዬ አስቀመጥኩ፤ በኋላ ከእኛ ምዝገባ ጋር አስተያየኋቸው። የልጃችን ስም ሁልጊዜ ከላይ ነው። ምንም ሳይነሳና ሳይጮህ ባሳለፋቸው ቀናት ጭምር ከላይ ነው። አለቃው ዴስክ ላይ አብረው የሚቀመጡት ልጆች ስም ግን አንድም ቦታ የለም። አለቃው የአስር ዓመት ልጅ ነው፤ ክፉ አይደለም። ግን ምን እንደሚቆጥር ማንም አልነገረውም። ልብ ሊባል የሚገባው መምህርቷ ክፍል ስትገባ መጀመሪያ የምታነበው ይህን ስም መሆኑ ነው። ቀኑን ሙሉ ዓይኗ ወደዚያ ዴስክ ይሄዳል። በፈለግንበት ቦታ ደግሞ እናገኛለን።

ምን እንቁጠር?

ከመምህርቷ ጋር ቁጭ አልንና «ረበሸ የምትይው ምን ሲያደርግ ነው?» አልኳት። ዘረዘረች። ይቆማል፣ ሌላ ዴስክ ይሄዳል፣ ሳይጠራ መልስ ይጮኻል፣ ዴስክ ይደበድባል፣ የሰው እስክሪብቶ ይወስዳል። ከነዚህ ውስጥ በየቀኑ የሚያስቸግሯትን እንድትመርጥ ጠየቅኳት። ሁለቱን መረጠች፦ መነሳቱንና መጮሁን።

ሁለቱንም ለየብቻ በጽሑፍ ተረጎምናቸው። ከመቀመጫ መነሳት ማለት መምህር ሳይፈቅድ ሰውነቱ ከዴስኩ መቀመጫ ለቆ በእግሩ ሲቆም ነው። ክፍሉ ለሰላምታ ሲነሳ አይቆጠርም። ወደ ሰሌዳ ሲጠራ አይቆጠርም። የወደቀ እርሳስ ለማንሳት ጎንበስ ሲልም አይቆጠርም። ሳይፈቀድ መናገር ማለት ደግሞ ስሙ ሳይጠራ ለክፍሉ በሚሰማ ድምፅ ቃል ማውጣት ነው። «ቲቸር! ቲቸር! እኔ!» ይቆጠራል፤ መልሱ ትክክል ቢሆንም ይቆጠራል። ለጎረቤቱ ማንሾካሾክ አይቆጠርም።

ይህን መጻፍ ሥራ ፈትነት የሚመስለው ሰው ይኖራል። ሥራው ግማሽ ያህሉ የሚያልቀው ግን እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱን ክፍሉን ለማያውቅ መምህር ሰጥተን አንብቦ እኛ የምንቆጥረውን መቁጠር ይችል እንደሆነ ሞከርን። «ዴስክ ላይ ተንበርክኮ ቢቆምስ?» ብሎ ጠየቀን። አላሰብንበትም ነበር፤ ጨመርነው።

ሦስተኛ ነገርም አስፈለገን። መምህርቷ የምትፈልገው «ዝም ብሎ እንዲቀመጥ» ነበር። ኦግደን ሊንድስሊ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የተወው አንድ መፈተኛ አለ፦ የሞተ ሰው ሊያደርገው የሚችለው ነገር ባህሪ ተብሎ አይቆጠርም። ዝም ብሎ መቀመጥን የሞተ ሰውም ይችለዋል። ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚላከው ደግሞ እንዲማር ነው። ስለዚህ በሥራ ላይ መሆንንም ለመለካት ተስማማን፦ ዓይኑ መጽሐፍ፣ ደብተር፣ ሰሌዳ ወይም የሚናገረው ሰው ላይ ሲሆን፣ ሲጽፍ፣ እጁን ሲያወጣ።

መለኪያው እንደ ባህሪው

ጩኸቱ አጭር ነው፣ መጀመሪያና መጨረሻው ይታወቃል። እንዲህ ዓይነቱን መቁጠር ይበቃል። መምህርቷ እያስተማረች ወረቀት መያዝ አትችልም፤ ስለዚህ ቀኝ ኪሷ ውስጥ የሽምብራ ፍሬ አስቀመጠች። ልጁ በጮኸ ቁጥር አንዷን ወደ ግራ ኪስ ታዛውራለች። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ የግራውን ትቆጥራለች። የሚታይ ነገር ስለሌለ ልጆቹ አላወቁም።

ቁጥሩ ብቻውን ግን ያሳስታል። ክፍለ ጊዜ በፕሮግራሙ 40 ደቂቃ ነው። በተግባር የመጀመሪያው በሰልፍና በባንዲራ ሥነ ሥርዓት ይበላል፣ የመጨረሻው ደግሞ በደወል ይቆረጣል። በ40 ደቂቃ 8 ጊዜ የጮኸ ልጅና በ25 ደቂቃ 8 ጊዜ የጮኸ ልጅ እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው በ5 ደቂቃ አንዴ ነው፤ ሁለተኛው ከ3 ደቂቃ ትንሽ በለጥ ባለ ጊዜ አንዴ። ስለዚህ ሁልጊዜ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ሰዓት እየጻፍን ቁጥሩን ለደቂቃው አካፈልን።

መነሳቱ ሌላ ነው። አንዴ ተነስቶ ሁለት ሰከንድ የሚቆም ልጅ አለ፤ አንዴ ተነስቶ ክፍሉን ዞሮ የሚመጣም አለ። ስንት ጊዜ እንደተነሳ ብቻ ብንጽፍ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ በስልክ የሰዓት ቆጣሪ ቆይታውንም ያዝን።

በሥራ ላይ መሆን ደግሞ መጀመሪያና መጨረሻው አይያዝም፤ ዓይን ይሄዳል ይመጣል። ለዚህ ጊዜውን መቁረጥ ያስፈልጋል። አንድ ወረቀት በሳጥን ከፋፈልን። 20 ደቂቃ በ15 ሰከንድ ሲከፈል 80 ሳጥን ይሆናል። ስልኩን በየ15 ሰከንዱ እንዲንቀጠቀጥ አድርጌ ኪሴ ከተትኩት።

እዚህ ላይ አንድ የማይታይ ወጥመድ አለ፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ሳጥን ለመሙላት ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ባህሪው በ15 ሰከንዱ ውስጥ ለአፍታም ቢታይ ምልክት ማድረግ። ሁለተኛው፣ 15 ሰከንዱን ሙሉ ከቆየ ብቻ ምልክት ማድረግ። ሦስተኛው፣ ስልኩ በተንቀጠቀጠበት ቅጽበት ብቻ ቀና ብሎ አይቶ የታየውን መጻፍ። ልዩነታቸው ቀላል አይደለም። አንድ ልጅ በ20 ደቂቃ ውስጥ 20 ጊዜ ተነሳ እንበል፤ በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሰከንድ ብቻ ቆመ፤ ሁሉም በተለያየ ሳጥን ውስጥ ወደቁ። በአንደኛው መንገድ ከ80 ሳጥን 20ው ምልክት ያርፍበታል፤ ይህ 25 በመቶ ነው። ለርዕሰ መምህሩ «የትምህርቱን ሩብ ጊዜ ቆሞ ነው የሚያሳልፈው» ተብሎ ሊነገር ነው። በእውነቱ የቆመው 40 ሰከንድ ነው። ከ1,200 ሰከንድ ውስጥ 40 ሰከንድ 3 በመቶ ከምናምን ነው። በሁለተኛው መንገድ ደግሞ ውጤቱ ዜሮ ይሆናል፤ ልጁ ጭራሽ አልተነሳም ማለት ነው። ያው ልጅ፣ ያው ጠዋት፣ ሁለት ተቃራኒ ወሬ።

አንደኛው መንገድ የባህሪውን ቆይታ ያጋንናል፣ ሁለተኛው ያሳንሳል፤ ይህ በጥናት ደጋግሞ የታየ ነው። ሦስተኛው፣ የቅጽበቱ መንገድ፣ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ቢልም በብዙ ሳጥን ሲደመር ወደ እውነተኛው የጊዜ ድርሻ ይጠጋል። አጭርና አልፎ አልፎ ለሚከሰት ነገር ግን አይሆንም፤ ያልፈዋል። እኛ ለሥራ ላይ መሆን የቅጽበቱን መረጥን፣ ለጩኸት ቆጠራውን፣ ለመነሳት ቆጠራና ቆይታውን። «የትኛው መለኪያ ነው ጥሩው?» ብለው የሚጠይቁኝ መምህራን አሉ። ሁልጊዜ መልሼ የምጠይቃቸው ምን ሊለኩ እንደፈለጉ ነው።

ሱፐርቫይዘር መጣ!

ወረቀት ይዤ ከኋላ ስቀመጥ ክፍሉ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ወረቀት የያዘ ሰው ከኋላ ሲቀመጥ ለእነሱ ሱፐርቫይዘር ነው። መምህርቷም ድምፅዋ ተለወጠ።

የታየ ሰው ባህሪው ይለወጣል። ይህ በየትኛውም የምልከታ ሥራ የሚጠበቅ ነው። መፍትሔው መልመድ ነው። ደብተር የማርም መስዬ ዝም ብዬ ገባሁ ወጣሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ወረቀት ጣልናቸው፣ አልቆጠርናቸውም። ልጆቹ እኔን ረስተው እርስ በርስ መቆነጣጠር ሲጀምሩ መለካት ጀመርን። ልጁን ብቻ አፍጥጬም አላየሁም። አንዱን ሳጥን ለእሱ፣ ቀጣዩን ከሌሎች ልጆች ለአንዱ አደረግኩ፤ ሌሎቹን በየዙሩ እየቀያየርኩ። ይህ ሁለት ጥቅም አለው። እሱ እየታየ መሆኑን አያውቅም። ደግሞም «ከማን ጋር ሲወዳደር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይገኛል። ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል ማንም መቶ በመቶ ሥራ ላይ አይሆንም፤ አንድን ልጅ በእውን ከሌለ ፍጹም ልጅ ጋር ማወዳደር ግፍ ነው።

ሁለተኛ ተመልካችም ያስፈልግ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባ አልፎ አልፎ አብሮኝ እየተቀመጠ ለየብቻ እንመዘግባለን፣ በኋላ ወረቀታችንን ሳጥን በሳጥን እናመሳክራለን። የተስማማንባቸው ሳጥኖች ለጠቅላላው ተካፍሎ በመቶ ይባዛል። በዘርፉ የተለመደው ዝቅተኛ ወሰን 80 በመቶ ነው። ይህም ቢሆን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከ80 ሳጥን እኔ በ4ቱ ጩኸት መዘገብኩ፣ እሱም በሌሎች 4 ሳጥኖች መዘገበ እንበል። የማንስማማው በ8 ሳጥን ብቻ ነው፣ ስምምነታችን 90 በመቶ ይወጣል። ግን አንድም ጩኸት ላይ አልተስማማንም! ባዶዎቹ ሳጥኖች ናቸው ቁጥሩን ያሳበጡት። ስለዚህ አልፎ አልፎ ለሚታይ ባህሪ ቢያንስ አንዳችን ምልክት ያደረግንባቸውን ሳጥኖች ብቻ ለይቶ ማስላት ይሻላል። በአጋጣሚ የሚመጣውን ስምምነት የሚቀንስ ስሌትም ጄኮብ ኮኸን በ1960 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አቅርቧል፤ ካፓ ይባላል። እኛ በቀላሉ ምልክት ያለባቸውን ሳጥኖች ብቻ የማስላቱን መንገድ ተጠቀምን። መጀመሪያ ላይ መነሳቱን በተመለከተ ስምምነታችን ዝቅ ያለ ነበር፤ ምክንያቱ ያ የጨመርነው የመንበርከኩ ነገር አሁንም ግልጽ አለመሆኑ ነው። ትርጉሙን አስተካክለን እንደገና ጀመርን።

ከመነሳቱ በፊት ምን ነበር?

የሁለት ሳምንት ያህል መነሻ ልኬት፣ ማለትም ምንም ሳንለውጥ የሚወሰደው፣ ሲሰበሰብ አንድ ነገር ጎልቶ ወጣ። ልጁ ሁልጊዜ አይነሳም። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ እምብዛም አይነሳም። በሂሳብና በአካባቢ ሳይንስ ደጋግሞ ይነሳል፤ ያውም ከክፍለ ጊዜው አጋማሽ በኋላ። ጩኸቱ ግን በሁሉም ትምህርት አለ። መምህርቷ ወረቀቱን አይታ ዝም አለች። ከዚያ «አንድ ደቂቃ አይቀመጥም ያልኩት እኔ ነኝ?» አለች።

ቁጥር መቼ እንደሚነሳ ይናገራል፤ ለምን እንደሚነሳ አይናገርም። ስለዚህ ሦስት ዓምድ ያለው ሌላ ወረቀት አዘጋጀን፦ ከድርጊቱ በፊት የነበረው፣ ድርጊቱ፣ ከድርጊቱ በኋላ የሆነው። ሲድኒ ቢጁና ባልደረቦቹ በ1968 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያብራሩት መንገድ ነው። በዓምዶቹ ላይ አስተያየት አይጻፍም። «ተናደደ» አይባልም፤ «ደብተሩን ወረወረ» ይባላል።

የመነሳቱ «በፊት» ዓምድ ላይ አንድ ነገር እየተደጋገመ መጣ፦ «መምህርቷ መጽሐፍ አውጡ አለች፣ የመልመጃውን ገጽ ነገረች።» «በኋላ» የሚለው ላይ ደግሞ፦ «ወደ ፊተኛው ዴስክ ጎንበስ አለ»፣ «በጎረቤቱ ትከሻ በላይ ተንጠራራ»።

ዴስኩን ሄጄ አየሁት። ለሦስት ልጅ አንድ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ የተሰጠው በግድግዳው በኩል ለሚቀመጠው ልጅ ነው፤ ፈርሞ የወሰደው እሱ ስለሆነ ቢጠፋ ወይም ቢቀደድ ተጠያቂው እሱ ነው። ስለዚህ ፊቱ አድርጎ ይይዘዋል። መሐል ያለው ልጅ ያያል። የእኛ ልጅ በመተላለፊያው ጫፍ ነው፤ ከተቀመጠ ጥያቄው አይታየውም። አማርኛ ላይ መምህሩ ጽሑፉን ሰሌዳ ላይ ስለሚጽፍ መነሳት አያስፈልገውም።

ልቤን የነካው ሌላ ነገር ነው። ያን ጊዜ ለንጽጽር ያየናቸውን ልጆች ወረቀት አወጣሁ። በመጽሐፍ መልመጃ ሰዓት ሌሎቹ የጫፍ ልጆችም ሥራ ላይ አልነበሩም። ግን አይነሱም፣ አይጮኹም። ባዶ ደብተር ይዘው ቁጭ ብለዋል። በአለቃው ወረቀት ላይ ስማቸው የለም። ማንም ስለ እነሱ ወደ እኔ አልመጣም። ጥያቄውን ለማየት የተነሳው ልጅ «ረባሽ» ተባለ፤ ሳያዩ የተቀመጡት «ጨዋ» ተባሉ። ይህን እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

የጩኸቱ ወረቀት የተለየ ታሪክ ነበረው። «በፊት»፦ መምህርቷ ለክፍሉ በሙሉ ጥያቄ ጠየቀች። «በኋላ»፦ አንዳንዴ «ዝም በል!»፣ አንዳንዴ «ጎሽ፣ ትክክል ነው»፣ አንዳንዴ ሙሉ ክፍሉ ሳቀ። ዝም ብሎ እጁን ያወጣባቸውን ጊዜያትም መዝግበናል። ከስልሳ እጅ መሐል አንዱ ነው፤ አይጠራም ማለት ይቻላል። መጮህ ይሠራል፣ እጅ ማውጣት አይሠራም። ልጁ ይህን ከእኛ ቀድሞ አውቆታል።

አንድ በአንድ መለወጥ

መምህርቷ ሁለቱንም ዛሬውኑ መለወጥ ፈለገች። አንድ በአንድ እንሂድ ብዬ ለመንኳት። ሁለቱን በአንድ ቀን ብንለውጥና ቢሻሻል የትኛው እንደሠራ አናውቅም። ትምህርት ቤት ውስጥ ነገር በራሱም ይለወጣል፤ ፈተና ይመጣል፣ ዝናብ ይመጣል፣ ጓደኛ ይቀየራል።

መጀመሪያ የመጽሐፉን ቦታ ለወጥን። በሁሉም ዴስክ ላይ መጽሐፉ መሐል እንዲሆን፣ ልጆቹም በየሳምንቱ ቦታ እንዲቀያየሩ። ፈርሞ የወሰደው ልጅ እንዳይፈራ ደግሞ መምህርቷ ኃላፊነቱ የሦስቱም መሆኑን ለክፍሉ ተናገረች። ገንዘብ አልጠየቀም። ቁጥሮቹን በምናሰፍርበት ግራፍ ላይ የመነሳቱ መስመር በመጀመሪያው ሳምንት ወደቀ፤ ከግማሽ በታች ሆነ፣ እዚያውም ቆየ። የጩኸቱ መስመር ግን ንቅንቅ አላለም። ይህን ስናይ ነው በግምታችን ያመንነው። ሁለቱ የተለያየ ምክንያት ያላቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ።

ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ወደ ጩኸቱ ሄድን። በ1968 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቫንስ ሆል፣ ዳያን ለንድና ዴሎሪስ ጃክሰን በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ የመምህር ትኩረት ከየትኛው ባህሪ በኋላ እንደሚመጣ በመለወጥ ብቻ የልጆች የጥናት ባህሪ ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። እኛም በዚያው መንገድ ሄድን። ሲጮህ መምህርቷ አትመልስም፣ አትቆጣም፣ ወደ እሱም አታይም። እጁን ዝም ብሎ ሲያወጣ ግን ቶሎ ትጠራዋለች፣ «እጅህን አውጥተህ ስለጠበቅክ ነው የጠራሁህ» ትለዋለች። ለሌሎቹም እንዲሁ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ነበሩ። ጩኸቱ ጨመረ። የሽምብራው ቁጥር ከመነሻው በላይ ሄደ። ሲሠራለት የነበረ ነገር ድንገት ሲያቆም ልጅ መጀመሪያ አጥብቆ ይሞክራል፤ የሚጠበቅ ነው። ለመምህርቷ አስቀድሜ ነግሬያት ነበር። ቢሆንም በሦስተኛው ቀን «በቃኝ፣ ልቆጣው ነው» አለችኝ። ግራፉን አወጣንና የጩኸቱን ብቻ ሳይሆን እጅ የማውጣቱንም መስመር አየን። እሱም እየጨመረ ነበር። ይህ አበረታታት። በቀጣዩ ሳምንት ጩኸቱ መውረድ ጀመረ። ቀስ እያለ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ብድግ ይላል። ወደ ሳምንቱ መጨረሻ ግን ወደ ሌሎቹ ልጆች መጠን ወረደ።

ከዚያ ሳናቅደው ጥሩ ማስረጃ መጣ። መምህርቷ ታመመችና ለጥቂት ቀናት ሌላ መምህር ተተካ። እሱ የጮኸውን እየመለሰ የሚያስተምር ሰው ነው። ጩኸቱ ወዲያው ተመለሰ። መነሳቱ ግን አልተመለሰም፤ መጽሐፉ አሁንም መሐል ነበርና። መምህርቷ ስትመለስ ጩኸቱ እንደገና ወረደ። ሆን ብለን እንዲህ ዓይነት ሙከራ አናደርግም ነበር፤ የልጅን ትምህርት ለማረጋገጫ ብሎ መበጥበጥ አይገባም። በራሱ ሲመጣ ግን መዘገብነው።

ወረቀቱን የጠየቁ ሰዎች

ሥራው መሐል ላይ እያለ የመነሻ ወረቀቶቹ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ እንዲቀርቡ ተጠየቅኩ። ስንት ጊዜ እንደጮኸ በቁጥር ስለተጻፈ ለማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል ተባለ። አልሰጠሁም። ለእናቱ የገባነው ቃል ይህን አይፈቅድም። ከቃሉም በላይ፣ ምልከታ ለቅጣት እንደሚውል መምህራን ካወቁ በሚቀጥለው የተናደዱበትን ልጅ ይቆጥራሉ። ልጆቹም ካወቁ የሚያሳዩን የሚፈራ ሰው ፊት የሚያሳዩትን ብቻ ይሆናል። ወረቀቶቹ ላይ ያለው ኮድ ነው፤ ኮዱን የምናውቀው እኔና መምህርቷ ብቻ ነን። ለኮሚቴው የሰጠነው የመጽሐፉን አቀማመጥ ውጤት ለክፍሉ በሙሉ ነው፤ የአንድም ልጅ ስም የለበትም። ዩኒት ሊደሩ ያን ካነበበ በኋላ ሌሎቹም ክፍሎች መጽሐፍ መሐል እንዲያደርጉ በማስታወቂያ አስነገረ። ወላጅ ይጠራ ያለውም ቀረ።

እናቱን መጀመሪያ ያነጋገርናቸው ቢሮ ውስጥ እንደገና ጠራናቸውና ግራፉን አሳየናቸው። መስመሩ ሲወርድ በጣታቸው ተከተሉት። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እና አሁን ሂሳቡን ይሠራል?»

ያልተፈታው

ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። መነሳቱ ቀንሷል፣ ጩኸቱ ቀንሷል፣ በሥራ ላይ የመሆን ድርሻው ከንጽጽር ልጆቹ ጋር ተቀራርቧል። ነገር ግን ዓይኑ ደብተሩ ላይ መሆኑ ሂሳቡን መሥራቱን አያረጋግጥም። «ሥሩ» ከተባለ በኋላ እስክሪብቶው ወረቀት እስኪነካ የሚወስደውን ጊዜ መለካት ጀምረናል። አሁንም ረዥም ነው፤ በተለይ በቃላት የተጻፈ የሂሳብ ጥያቄ ሲሆን። ቁጥር ብቻ ያለው መልመጃ ላይ ቶሎ ይጀምራል። ይህ ወደ ንባቡ ይጠቁማል። ስለዚህ ባህሪውን መቁጠር በሳምንት አንድ ቀን አድርገን፣ በቀሩት ቀናት ጥያቄዎቹን ጮክ ብሎ እያነበበልኝ ስህተቶቹን እመዘግባለሁ። በደቂቃ ስንት ቃል በትክክል እንደሚያነብ፣ የትኞቹን ፊደላት እንደሚያልፍ። መምህርቷም ባዶ ደብተር ይዘው ከነበሩት የጫፍ ልጆች መሐል ሦስቱን መርጣ ልካልኛለች፤ እነሱንም በዚያው ወረቀት ጀምረናል።